ከቀለም ወደ ጠጉር፦ ኮሌምቦላን በዝርያ የመለየት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ዕጩ መምህራን ከግቢው ዛፎች ሥር የበሰበሰ ቅጠል ሰብስበው እንዲመጡ አዘዝናቸው። ቅጠሉን በወንፊት ላይ አኖርን፤ ከወንፊቱ በታች እንደ ሾጣጣ የተጠቀለለ ወፍራም ወረቀት፣ ከሾጣጣውም ጫፍ ሥር ጥቂት አልኮል ያለበት ጠርሙስ አደረግን፤ ከበላይ የኤሌክትሪክ አምፑል አበራን። ይህ ዘዴ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዜ እ.ኤ.አ. በ1905 የጀመረውና በኋላም ስዊድናዊው ቱልግሬን መብራት ጨምሮ ያሻሻለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማግሥቱ ሙቀቱንና ድርቀቱን የሸሹ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት በጠርሙሱ ውስጥ ተገኙ። ዕጩ መምህራኑም በእጅ መነጽር እያዩ ግራጫውን፣ ወይን ጠጁንና ባለ ቢጫ መቀነቱን በሦስት ጠርሙስ ለይተው አስቀመጡ።

ከዕረፍት ስንመለስ አልኮሉ ቀለማቸውን አጥቦታል። በሦስቱም ጠርሙስ የነበሩት አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ቢጫ ሆነዋል። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ «እነዚህ ሦስቱ በእርግጥ ሦስት መሆናቸውን አሁን በምን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀች። በእጃችን በነበረው የመማሪያ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም፤ በእኔም ዘንድ አልነበረም። ጥያቄው የአውሮፓን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያደከመ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት በሳይንስ ስማቸው ኮሌምቦላ ይባላሉ። ስድስት እግር ያላቸው፣ ክንፍ የሌላቸው፣ በአብዛኛው ከስድስት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ የአፈር ነዋሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከሆዳቸው በታች ታጥፎ የተያዘ ሹካ መሰል አካል አላቸው፤ ሲደነግጡ በእርሱ መሬቱን መትተው ይወነጨፋሉ። ቀድሞ ከሦስት አጽቄዎች ጋር ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ተመራማሪዎች የአፋቸው ክፍሎች በራሳቸው ውስጥ የተሸሸጉ መሆናቸውን አይተው ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። ትውልዳቸው ጥንታዊ ነው፤ በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ሥፍራ ከድንጋይ ውስጥ ተገኝቶ በ1926 የተገለጸው ራይኒዬላ ዕድሜው ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። አብዛኞቹ ሻጋታንና የበሰበሰ ዕፅን እየተመገቡ ለአፈር ልማት ይረዳሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው ስሚንቱሩስ ቪሪዲስ የሚባለው በአውስትራሊያ የአልፋልፋ ጠንቅ ሆኗል። ፎልሶሚያ ካንዲዳ ደግሞ የአፈርን መመረዝ ለመፈተን በቤተ ሙከራ ይረባል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የአዋቂዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ስዊድናዊው ቻርልስ ደ ዬር ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ በ1740 ስለ እነዚህ ዘላይ ፍጥረታት ጽፏል። ሊኔዎስም በ1758 ባሳተመው የተፈጥሮ ሥርዓት መጽሐፉ በአንድ ወገን፣ ፖዱራ በሚል ስም፣ አጠቃለላቸው። ኮሌምቦላ የሚለውን ስም በ1870 ያወጣላቸው እንግሊዛዊው ጆን ለቦክ ነው። ለቦክ ሥራው ባንክ ነበር፤ የሕዝብ እንደራሴም ሆኗል፤ የዳርዊን ጎረቤትም ነበር። በትርፍ ጊዜው ያዘጋጀው የኮሌምቦላ መጽሐፍ በ1873 ታተመ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ቲኮ ቱልበርግ የስዊድንን ዝርያዎች አሳትሞ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘመን ዝርያ የሚለየው በይበልጥ በቀለም፣ በዓይን ብዛት፣ በአንቴናው ርዝመት፣ በሹካውና በጥፍሩ ቅርጽ ነበር። ቀለም በሕይወት ያለውን እንስሳ ለሚያይ ሰው ቀዳሚ ምስክር ነው። ሆኖም በአንድ ዛፍ ሥር የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ግለሰቦች አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ መገኘቱ፣ ልጆቹም ከወላጆቻቸው መንጣታቸው የተለመደ ነው። በአልኮል የሚሆነውን ደግሞ በእኛ ጠርሙሶች አይተናል። በዚህም ምክንያት ለአንዱ ፍጥረት ብዙ ስም ሲሰጥ፣ ብዙ ፍጥረቶችም በአንድ ስም ሲጠሩ ኖሩ።

ከዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የአንዳንድ ኮሌምቦላ አካል እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ይህም ቅርፊት በመሠረቱ መልኩን የለወጠ ጠጉር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛውያን የማይክሮስኮፕ ባለሙያዎች የመሣሪያቸውን ጥራት የሚፈትኑት «የፖዱራ ቅርፊት» ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ነበር። ጥሩ መስተዋት በቅርፊቱ ላይ ቃለ አጋኖ የሚመስሉ ምልክቶችን አጥርቶ ያሳያል፤ ደካማው ያደበዝዛቸዋል። ምልክቶቹ በእርግጥ ምን እንደ ሆኑም ብዙ ተከራክረዋል። እንግዲህ ጠጉሩ ማይክሮስኮፑን ሲመረምር ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ማይክሮስኮፑ ጠጉሩን መመርመር የጀመረው ዘግይቶ ነው ማለት ይቻላል።

የጠጉርን አቀማመጥ እንደ መለያ የመውሰድ ሐሳብ ስም ያገኘው ከኮሌምቦላ ሳይሆን ከዝንብ ነው። ባሮን ካርል ሮበርት ኦስተን ሳከን በአሜሪካ የሩሲያ ዲፕሎማት፣ በኒው ዮርክም ቆንስል ጄኔራል የነበረ ሰው ነው፤ ከሥራው ጎን ለጎን ዝንቦችን ያጠና ነበር። በ1881 ባሳተመው ጽሑፍ በዝንብ ራስና ደረት ላይ ያሉት ሻካራ ጠጉሮች በዘፈቀደ የበቀሉ አለመሆናቸውንና እያንዳንዳቸው ቋሚ ሥፍራ ያላቸው መሆኑን ገልጾ፣ ለዚህ ጥናት ኬቶታክሲ የሚል ስም አወጣለት። ትርጉሙ «የጠጉር አሰላለፍ» እንደ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት ወደ ኮሌምቦላ በሙሉ ኃይሉ ለመሻገር ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ወስዶበታል። ከምክንያቶቹ አንዱ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር እንስሳ ጠጉር ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ከአካሉ ተለይቶ አይታይም። እንስሳው በአሲድ ተነጥቶ፣ በመስተዋት መካከል ተዘርግቶ፣ ብርሃኑም በልዩ ዘዴ ተስተካክሎ መታየት አለበት። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዜርኒከ ያገኘውና በ1953 የኖቤል ሽልማት ያሰጠው የፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ታላቅ ረዳት ሆነ። ሌላም ጥቅም ተገኘ። ዐቢይ ጠጉሮች በአያያዝ ይረግፋሉ፤ የተተከሉበት ክብ ጉድጓድ ግን በቆዳው ላይ ይቀራል። ጉድጓዱ ከቅርፊት መተከያ ሰፋ ስለሚል በቀላሉ ይለያል። ስለዚህ ለዓመታት በአልኮል የቆየ፣ ቀለሙ የጠፋ፣ ጠጉሩም የተመለጠ እንስሳ ቢሆን እንኳ ማን እንደ ነበር ይናገራል።

በጄኔቫ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ሄርማን ጊዚን በ1960 የአውሮፓን ኮሌምቦላ በአንድ መጽሐፍ አጠቃሎ አወጣ። ከዚያም እስከ ሞተበት እስከ 1967 ድረስ ሌፒዶሲርቱስና ፕሴውዶሲኔላ የሚባሉትን ወገኖች በዐቢይ ጠጉሮች ቁጥር ለመለየት ደከመ። ቁጥሩ በአጭር ቀመር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 00/0101+2። ከራስ ያለው ከፊት የሚጨመር ሆኖ፣ ከመስመሩ በፊት ያሉት አኃዞች የደረትን ሁለተኛና ሦስተኛ አንጓ፣ ከመስመሩ በኋላ ያሉት የሆድን ከአንደኛ እስከ አራተኛ አንጓ ይመለከታሉ። የደረት የመጀመሪያ አንጓ በእነዚህ ወገኖች ተኮራምቶ ስለሚሸፈን አይቆጠርም። እንስሳው ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነም ግማሹን መቁጠር ይበቃል። በአንድ መስመር የሚጻፍ ይህ ቀመር ቀድሞ አንድ ገጽ የቀለም መግለጫ ያልቻለውን ሠርቷል።

ሆኖም ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ሁለት የመማሪያ ክፍሎችን እናስብ፤ በሁለቱም 40 ተማሪዎች ተመዝግበው 38ቱ ቀርበዋል። «ሁለት ቀሪ» ብሎ መጻፍ ለሁለቱም እውነት ነው፤ እነማን እንደ ቀሩ ግን አይናገርም። ይህን የሚናገረው የስም መጥሪያው መዝገብ ነው። ለኮሌምቦላ የስም መጥሪያ መዝገብ ካዘጋጁት ዋነኛው በጃፓን በኪዮቶ የነበረው ሪዮዞ ዮሲ ነው። በጊዜ ብንሄድ እንዲያውም ከጊዚን ቀመር ይቀድማል። ዮሲ በ1956 የጃፓንን የዋሻ ኮሌምቦላ ያጠናበትን መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ በ1960 እና በ1961 ባወጣቸው ጽሑፎች የጠጉር አሰላለፍ የዝምድና መረጃም ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ጠጉሮቹ በሦስት ረድፍ፣ ማለትም በፊት፣ በመካከልና በኋላ ይሰለፋሉ። ለየረድፉ ፊደል ተሰጠ፤ በየረድፉም ያለው ጠጉር ከጀርባው መካከለኛ መስመር ጀምሮ ወደ ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ተቆጠረ። ከዚህ በኋላ «ሁለት ጠጉር የለውም» ማለት ቀርቶ፣ «ከፊተኛው ረድፍ ሁለተኛው፣ ከኋለኛው ረድፍ አራተኛው የሉም» ማለት ተቻለ። በቱሉዝ ጳውል ካሳኞ በ1974 ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የሌላውን ታላቅ ቅርንጫፍ ጠጉር ከዝምድና ጋር አገናዝቧል። ኪዮቶና ቱሉዝ ያሉ ሰዎች ሳይገናኙ ስለ አንዲት ጠጉር መነጋገር የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከመስተዋቱ መሻሻል ይልቅ ታላቁ እርምጃ ይህ የጋራ አጠራር ነው።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ግን ከሁሉ የከበደ ነበር። በሁለት ዝርያዎች በተመሳሳይ ቦታ የቆመች ጠጉር በእርግጥ አንድ ጠጉር ናትን? ኮሌምቦላ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም ቆዳውን መለወጡን አያቋርጥም፤ በእድገቱም አዳዲስ ጠጉር ይጨምራል። ስለዚህ የአንዱ ጠጉር ከእንቁላል ሲወጣ የነበረ፣ የሌላው ደግሞ ዘግይቶ የበቀለ ሊሆን ይችላል። መልክና ቦታ ቢመስልም ዘሩ ሌላ ነው። በፖላንድ በክራኮው የነበረው አንድሬይ ሼፕቲትስኪ ይህን ለማወቅ ጎልማሳውን ትቶ ከሕፃኑ ጀመረ። ገና ከእንቁላል የወጣው ኮሌምቦላ ጥቂት፣ በሥፍራቸውም ቋሚ የሆኑ ጠጉሮች አሉት፤ በተለያዩ ወገኖች እነዚሁ ይደጋገማሉ። እነዚህን ቀዳማውያን ብሎ፣ በየቆዳ ለውጡ የሚጨመሩትን ደግሞ እየተከታተለ መዘገበ። የኤንቶሞብሪዴ ቤተሰብን የሚመለከተው መጽሐፉ በ1979 ታተመ። ድካሙን ለመገመት አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ጎልማሳ ሳይሆን የዕድሜ ደረጃዎች ተርታ ያስፈልገዋል፤ የየደረጃውም ካርታ በእጅ ይሣላል።

በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ ለሚሠራ ሰው የሼፕቲትስኪ መንገድ የሚያሳፍር ነገር አለው። በመማሪያ መጻሕፍታችን የምደባ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ ይጀምርና በሠንጠረዥ ያልቃል። ተማሪው «የሦስት አጽቄዎችን አራት ባሕርያት ጥቀስ» ሲባል ይጠቅሳል፤ ከዐሥር ባሕርያት መካከል አራቱ ለምን እንደ ተመረጡ፣ ማን እንደ መረጣቸው፣ ስንት ሌላ ባሕርይ ተሞክሮ እንደ ተጣለ አይጠየቅም። እኔም እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ለዓመታት አውጥቻለሁ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ጓያ ቀላቅሎ ለተማሪዎች ሰጥቶ፣ «በቀለም ሳይሆን በሌላ ምልክት ለዩ፤ ምልክታችሁም ስለ ምን እንደሚታመን ተከራከሩ» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ጊዜ ይወስዳል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ይወስዳል።

የጠጉር ካርታ የመጨረሻ ዳኛ ሆኖ አልቀረም። በ2005 በስፔን ናቫራ ዮርዳናና ባኬሮ ለኤንቶሞብሪያ ወገን አዲስ የጠጉር ቀመር አቀረቡ፤ የዘር ሞለኪውል ንባብም ወደ መስኩ ገባ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በየሜዳው የሚገኙ የታወቁ ዝርያዎችን ሲመረምር፣ በአንድ ስም የሚጠሩት በሞለኪውል ሲታዩ እጅግ የተራራቁ ጭፍሮች መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጠጉሩ እንደ ገና ተመርምሯል፤ በተለይም ስሜት ለመቀበል የሚያገለግሉት ቀጫጭን ልዩ ጠጉሮች ቀድሞ ያልተሰጣቸውን ግምት አግኝተዋል። በ2015 ዣንግና ዴአርቬንግ የኤንቶሞብሪዴን ቤተሰብ እንደ አዲስ ሲያዋቅሩ ከሞለኪውሉ ጎን የቆሙት እነዚህ ጠጉሮች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን በ2014 ቶሞሴሩስ በሚባለው ወገን ላይ የወጣው ሥራ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን ዝርያዎች ለመለየት ሞለኪውል፣ ጠጉርና ቀለም በአንድነት ተመሳከሩ። ለብዙ ዓመታት የማይታመን ምስክር ተብሎ ወደ ጎን የተገፋው ቀለም ሌሎች ምስክሮች ሲደግፉት ተመልሶ ቃሉ ተሰማ። ያን ሳነብ ወደ ቤተ ሙከራው ሄጄ ሦስቱን ጠርሙሶች አወጣሁ። ጥያቄውን የጠየቀችው ሠልጣኝ በየጠርሙሱ ውስጥ በእርሳስ የጻፈችው ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ አልኮል እርሳስን አያጠፋም። ቀኑ፣ የዛፉ ስም፣ ከሥሩም «ግራጫ»፣ «ወይን ጠጅ»፣ «ባለ ቢጫ መቀነት» ይላል።