ሲኒየር ራንግለርና የእንጨት ማንኪያ

እኛ የሒሳብ ተማሪዎች «ማን ሰቀለ?» ማለት እንወዳለን። «ምን አወቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይኸ አመል በኛ አልተጀመረም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለመቶ ዓመት ከበለጠ ጊዜ የሒሳብ ተማሪዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ሲደረድር ኖሯል። እስቲ ታሪኩን እንየው፤ ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ፈተናው ትራይፖስ ይባላል። ስሙ የመጣው ጥንት ተከራካሪው ይቀመጥበት ከነበረው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው ይባላል። ቀድሞ ፈተናው በላቲን የሚደረግ የቃል ክርክር ነበርና፣ ወደ ጽሑፍ ከተለወጠ በኋላም በአንደኛ ማዕረግ ያለፉት «ራንግለር» ማለትም ተከራካሪ መባላቸው አልቀረም። ከነሱ በታች ሲኒየር ኦፕቲሜ፣ ቀጥሎም ጁኒየር ኦፕቲሜ አሉ። የሁሉም ቁንጮ ሲኒየር ራንግለር ነበር፤ ስሙ በጋዜጣ ይወጣለት ነበር። በክብር ካለፉት መካከል የመጨረሻውን ደግሞ ጓደኞቹ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ያስታቅፉት ነበር!

ፈተናው ቀልድ አልነበረም። በ1854 ስምንት ቀን ፈጅቷል፤ 16 ወረቀት፣ 211 ጥያቄ፣ በጠቅላላው 44 ሰዓት ተኩል። ከንጹሕ ሒሳብ ጋር መካኒክስ፣ የብርሃን ጥናት፣ የፈሳሾች እንቅስቃሴና የሰማይ አካላት ጉዞ ይጠየቁ ነበር። ዛሬ አፕላይድ ማቲማቲክስ የምንለው ትልቁ ክፍል እዚያ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ጥያቄው በዝቶ ጊዜው ሲያጥር ፍጥነት ዋና ነገር ሆነ። ተማሪው በገንዘቡ የግል አስጠኚ እየቀጠረ ቀን ከሌት ይቸክል ጀመር። ከአስጠኚዎቹ ስመ ጥሩው ኤድዋርድ ራውዝ ሲሆን፣ እሱ ካስጠናቸው መካከል ከ25 የሚበልጡት ሲኒየር ራንግለር ሆነዋል።

ራውዝ ራሱ በ1854 አንደኛ ወጥቷል። ሁለተኛው ማን ነበር? ጄምስ ክለርክ ማክስዌል! የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ በእኩልታ ያሰረው ሰው እኮ ነው። ራውዝም ቢሆን ቸካይ ብቻ አልነበረም፤ ስለ እንቅስቃሴ መረጋጋት ያወጣውን መመዘኛ የምህንድስና ተማሪዎች ዛሬም ይማሩታል። በ1837 ደግሞ አራተኛ የወጣው ጆርጅ ግሪን ነበር። ይኸ የኖቲንግሃም ወፍጮ ቤት ሠራተኛ በስሙ የምንጠራውን ቲዎረም ያፈለቀበትን ጽሑፍ ያሳተመው በ1828፣ የካምብሪጅን ደጅ ከመርገጡ በፊት ነው። ፈተናው ችሎታን አልለካም አንልም፤ ግሪን ለዓለም የሰጠውን ግን አራተኛነቱ አይነግረንም።

የባሰው ነገር ከዝርዝሩ ውጭ የተደረገው ነው። በዚያው በ1837 ሁለተኛ የወጣው ጄምስ ሲልቬስተር አይሁዳዊ ስለነበር፣ ዲግሪ ለመቀበል በሚጠየቀው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የእምነት አንቀጽ ላይ አልፈርምም አለ። ዲግሪውን ያገኘው ሕጉ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1872 ነው። ሴቶች ከ1881 ጀምሮ በይፋ እንዲፈተኑ ቢፈቀድላቸውም ውጤታቸው የሚነገረው ለብቻ ነበር። በ1890 የፊሊፓ ፋውሴት ስም ሲጠራ ደረጃዋ «ከሲኒየር ራንግለር በላይ» ተባለ። ከአንደኛው በላይ! ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ሲሆን፣ እሷም በዚያው ዓመት በ80 ዓመቷ ዐረፈች።

የተራ ቁጥሩ ዝርዝር ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበው በ1909 ነው። ከለውጡ ደጋፊዎች አንዱ በ1898 አራተኛ የወጣው ሃርዲ ነበር። ራንግለር የሚለው ስም ዛሬም ለአንደኛ ማዕረግ ያገለግላል፤ ማን ከማን በለጠ የሚለው ተራ ግን በይፋ አይነገርም።

ማዕረግ ይቅር አንልም፤ የደከመ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በ1854 ከትራይፖስ ቀጥሎ ለስሚዝ ሽልማት በተሰጠው ፈተና ላይ ፕሮፌሰር ስቶክስ አንድ ቲዎረም አረጋግጡ ብሎ ጠየቀ። ራውዝና ማክስዌል ሽልማቱን እኩል ተካፈሉ። ማክስዌል ግን ጥያቄውን ከፈተናው ጋር አልረሳውም፤ ኋላ ለኤሌክትሪክና ማግኔት ሥራው መሣሪያ አደረገው። ዛሬ ሁላችንም የስቶክስ ቲዎረም ብለን እንማረዋለን። እኛስ ከፈተና አዳራሽ ስንወጣ ይዘነው የምንሄደው ጥያቄ የትኛው ነው?