ከመነሣት በፊት ያለው ዝምታ፦ የአውሮፕላን መንገደኛ እምነት ታሪክ



ከዚህ ከዘንገና ተነሥቶ አውሮፕላን መሳፈር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል። በዚህ መንገድ ላይ መንገደኛ ዝም አይልም። ከጎማው እንግዳ ድምፅ ከተሰማ «ኧረ ሹፌር፣ ወርደህ እየው» ይላል፤ ፍጥነቱ ከበዛ እናቶች ይቆጣሉ፤ ረዳቱም ወደደም ጠላም መልስ ይሰጣል። ይኸው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ጉዞው ያለ ምክንያት ቢዘገይ፣ ሞተሩ ቢያጓራ፣ ቴክኒሻኖች ክንፉ ሥር ቢሰበሰቡ፣ ጎረቤቱን በዐይኑ ይጠይቃል እንጂ አፉን አይከፍትም። ይህ ዝምታ እምነት ነውን? የዛሬው ንግግሬ የሚመረምረው ይህን ነው።

ለብዙው የሀገራችን ሰው አውሮፕላን መጀመሪያ የታወቀው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ቦምብና መርዝ ይዞ ሲመጣ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያ ሲፈራ የኖረ ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነፍስ የሚታመንበት መጓጓዣ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የታመኑት ከቲ.ደብልዩ.ኤ. የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በኃላፊነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። እንደ እኔ አስተያየት መንገደኛው ያመነው ብረቱን አልነበረም፤ ሰዎቹን ነው። ስለዚህም እምነቱ የሚመዘነው እነዚያ ሰዎች ባወቁትና በሰሙት ልክ ነው።

ቅርባችን ያለውን አደጋ እንመልከት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 ባሕር ዳር አርፎ 104 ሰዎችን ይዞ ተነሣ። መሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ርግቦቹም ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ። ከመነሣቱ በፊት ከወንበር ሆኖ ይህን ሊያይ የሚችል መንገደኛ አልነበረም። የአእዋፍ ጉዳይ በማረፊያው ዙሪያ ርግብ የሚስበውን እህልና ቆሻሻ የሚከታተለው ሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ መንገደኛው ያንን ሰው አያውቀውም፣ ስሙንም ሰምቶ አያውቅም፣ ነገር ግን ነፍሱን ሰጥቶታል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ 8 ደግሞ ነገሩን ወደ ሩቅ ይወስደዋል። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ በግራ በኩል ያለው መለኪያ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶታል። ማስጠንቀቂያው ግን በዚያ ጠዋት ሳይሆን ከአምስት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ተሰምቶ ነበር፤ በዚያ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች ሞተዋል። የዚያ አውሮፕላን ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በዋዜማው በረራ ያው ችግር ገጥሞት ነበር፣ አብራሪዎቹ ተቋቁመውት መንገደኞቹ በሰላም ወረዱ፤ በማግስቱ ሌሎች ተሳፈሩበት። አብራሪዎች እንኳ ይህ ሥርዓት መኖሩን በሰፊው የሰሙት ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ነው። ዝም ያለው ማን እንደ ነበር ልብ በሉ።

ከአደጋው በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክሶች ለጥንቃቄ አቆመ፤ ቻይናም ወዲያው አቆመች። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ግን አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ ቆየና ያገደው መጋቢት 4 ቀን ነው። ለሰባ ዓመታት የእምነት ምንጭ ተደርጎ የኖረው የዋሽንግተን ቃል በእነዚያ ቀናት ከአዲስ አበባና ከቤጂንግ ኋላ ቀረ። ይህን ለታሪክ ተማሪ አሳንሶ መንገር አይገባም።

አየር መንገዱ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያው በረራ ላይ የአየር መንገዱ ኃላፊዎች፣ ባለሥልጣናት፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች ተሳፈሩ። ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ አንጠብጥቦ ቀምሶ እንደሚያቀርበው ሁሉ፣ የመሪዎቹ መሳፈር ለሌላው ሰው ዋስትና ነበር። ምልክቱ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከቀማሹ ይልቅ የጠማቂውን ምርመራ እመርጣለሁ።

እስካሁን ያነሣኋቸው አደጋዎች መንገደኛው ሊያያቸው የማይችሉ ነበሩ። አይቶ ዝም ያለበትስ? ከባሕር ዳሩ አደጋ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ካናዳ ውስጥ ድራይደን በምትባል ከተማ አንድ ፎከር ኤፍ-28 በረዶ እየጣለ ለመነሣት ይዘጋጅ ነበር። ሞተር ለማስነሻ የሚያገለግለው ረዳት መሣሪያው ተበላሽቷል፤ በማረፊያው ምትክ ስለሌለ አንዱ ሞተር ሳይጠፋ ነዳጅ ተሞላ፤ ሞተር እየሠራ ክንፍን ከበረዶ ማጽዳት ደግሞ የተከለከለ ነበር። በክንፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ መንገደኞች በመስኮት አዩት። ከመካከላቸው ሁለቱ ከሥራ ውጭ የሆኑ ካፒቴኖች ነበሩ። እነርሱም፣ በረዶውን ያየችው የበረራ አስተናጋጅም፣ ለአብራሪዎቹ አልተናገሩም። ካፒቴኖቹ የባልደረባን ሥራ ላለመዳፈር፣ «ያውቁታል» ብለው ነው፤ አስተናጋጇም እንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ አብራሪ ክፍል እንድትወስድ የሚያበረታታት አሠራር አልነበረም። አውሮፕላኑ እንደተነሣ ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ ከ69 ሰዎች 24ቱ ሞቱ። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ድራይደን ላይ ነቅዟል።

ዳኛ ሞሻንስኪ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን አብራሪውን ብቻ ወቅሶ አላለፈም፤ አየር መንገዱንና ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጭምር መረመረ። ዛሬ የካናዳ ደንብ ከመነሣት በፊት በክንፍ ላይ በረዶ ያየ የበረራ ሠራተኛ ሁሉ፣ አስተናጋጅም ቢሆን፣ ወዲያውኑ ለዋናው አብራሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ አብራሪውም ክንፉን ሳይመረምር ወይም ሳያስመረምር እንዲነሣ አይፈቀድለትም።