የመቃብር ልማድና የጅብ ተረት በመተማና በቋራ ቆላ

በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ ገብቶ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን መወሰዱ በታሪክ የታወቀ ነው። በሥርዓት አለመቀበራቸው ክብራቸውን አላጎደለውም። በአንጻሩ በአጎራባቹ በቋራ ሙታናቸውን በሥርዓት ይቀብሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል «መቃብር ቆፋሪ ጅቦች» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ስለዚህ ንቀቱን የፈጠረው የመቃብር መኖር ወይም አለመኖር ሳይሆን ተረቱ ነው።

ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ማወጃቸው በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጡት ቤተ እስራኤል በጭሰኝነት፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻቸው ማረስ፣ ያለ ማሰሯቸውም መቀቀል ባይችልም፣ በእሳት ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ይፈራ ነበር። ባለ እጁ «ቡዳ» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ፣ «የበላውን» ሰው ከመቃብር አውጥቶ አገልጋዩ ያደርገዋል ተብሎም ታመነ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ጉትቻ ያላቸው ጅቦች ስለመገደላቸው ጽፏል።

የተረቱ መነሻ ግን ከዓይን የራቀ አይደለም፤ ጅብ ጥልቀት የሌለውን መቃብር በእርግጥ ይቆፍራል። ቀብሩም ለየብቻ ነበር። ክርስቲያኑ ፍትሐት ተደርጎለት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲያርፍ፣ ያልተጠመቀ ሰው በዚያ አይቀበርም። ቤተ እስራኤልም የየራሳቸው መካነ መቃብር ነበራቸው፤ አስከሬን የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደር ተገልሎ ከታጠበ በኋላ ይመለስ ነበር። የንጽሕና ሕጋቸው ከጎረቤት ዘንድ እንደ ምስጢር ታይቶ ጥርጣሬውን አባባሰው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አውጀዋል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም ጭሰኝነትን ሽሯል። ተረቱ ግን ከአዋጆቹ በኋላ ኖረ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹም ምልክት በሌለው መቃብር ቀርተዋል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል።

መምህሩ ተረቱን በዝምታ ቢያልፈው፣ ሕፃኑ በምድጃ ዳር መስማቱን አይተውም። ይልቁንም ተማሪዎች ተረቱን ከሽማግሌዎች ሰብስበው «ማረሻውን የሠራው ማን ነበር? መሬቱስ የማን ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ ይበጃል።