የሊኑክስ ከርነልና የአርም ቦርዶች

ከርነል፣ ማለት መሣሪያንና ፕሮግራምን የሚያገናኘው የሥርዓቱ ዋና ክፍል፣ በሊኑክስ ዘንድ በ1991 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሲጀመር ለኢንቴል 386 ብቻ የተጻፈ ነበር። ኋላ የአርም ቦርዶች በበዙ ጊዜ ችግር ተነሣ። የግል ኮምፒውተር ያለውን መሣሪያ በባዮስ አማካይነት ያስታውቃል፤ አብዛኛው የአርም ቦርድ ግን ይህ ስለሌለው አሠራሩ በከርነሉ ውስጥ በሲ ቋንቋ ይጻፍ፣ ለየቦርዱም የኮንፊጉሬሽን ፋይል ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2010 ፋይሎቹን አስወግዳለሁ ሲል አስጠነቀቀ፤ በ2011ም ወቀሳውን አጠነከረ።

መፍትሔው ግን አዲስ ፈጠራ አልነበረም። በ1994 ደረጃ የወጣለት ኦፕን ፈርምዌር መሣሪያዎችን በዛፍ መልክ ይዘረዝር ነበር፤ ሊኑክስም በፓወርፒሲ ላይ ሠርቶበታል። ዲቫይስ ትሪ የተባለው ይኸው ዝርዝር ወደ አርም ሲሸጋገር የቦርዱ መግለጫ ከኮዱ ተለየ። በዲሴምበር 2012 የወጣው ከርነል 3.7ም፣ አንዱ ራሱ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ቺፖች ላይ ለመነሣት ቻለ።

ይሁን እንጂ ዝርዝሮቹ ዛሬም ከከርነሉ ጽሑፍ ጋር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ድካሙ ቀረ ለማለት አይቻልም፤ ዕውቀቱ ተገቢ ቦታውን አገኘ እንጂ።