ድንኳኑ ስንት ሰው ይይዛል? ከመቅደላ ዘመቻ እስከ መካነ ሰላም ጉዞ

ገበያ ወጥታችሁ ድንኳን ልትገዙ ነው እንበል። ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሄዳችሁ ሁለት ሌሊት ደንቆሮ ጫካ አጠገብ ለማደር አስባችኋል። ጭላዳ ዝንጀሮ ታያላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮም። ሻጩ ሦስት ድንኳን ያወጣላችኋል፤ አንዱ «ለ2 ሰው»፣ ሁለተኛው «ለ4 ሰው»፣ ሦስተኛው «ለ8 ሰው» ይላል። እናንተ አራት ናችሁ። የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ብዙዎቻችን «ትልቁን ነዋ! ሰፋ ቢል ምን ይጎዳል?» ነው የምንለው። ነገር ግን በዚያው ደጋ ላይ ከእኛ በፊት እልፍ አእላፍ ሰው በድንኳን አድሯል። ነገሥታት፣ ወታደሮች፣ አሁን በቅርቡ ደግሞ ተፈናቃዮች። የእነሱ ታሪክ የሚነግረን የድንኳን ልክ በራስ ቁጥር ብቻ እንደማይወሰን ነው። ማን ይሸከመዋል? ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ስንት ቀን ይታደርበታል? ሦስቱ ጥያቄዎች ከሰው ቁጥር እኩል ይመዝናሉ። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከተማ ድንኳን በነበረበት ዘመን

ዛሬ «ከተማ» ስንል አስፋልትና ፎቅ ነው የሚታየን። ቃሉ ግን በቀድሞው ዘመን ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር የሚያርፍበትን ቦታ ጭምር ይገልጽ ነበር። «ሰፈር»ም «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኳንንት ስም የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ትዝታ ናቸው።

የማዕረግ ስሞቻችንን ደግሞ ልብ በሉ። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው፤ ደጁ ደግሞ የንጉሡ ደጅ ነው። ስሞቹን ወረቀት ላይ በየቦታቸው ብታስቀምጧቸው ንጉሡን መሐል ያደረገ የጦር ሰፈር ካርታ ይወጣችኋል። «ደጅ ጥናት» የምንለውም በዚሁ ደጅ ፊት ቆሞ መጠበቅን ነው።

ሌላም አለ። በግእዝ «ደብተራ» ድንኳን ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል ጋር ያያይዙታል። ተማሪ የሚይዘው «ደብተር»ም በሌላ መንገድ ዞሮ የመጣ የዚያው ቃል ዘመድ ነው። አንዱ ቆዳ ተወጥሮ ቤት ሆነ፣ ሌላው ተፍቆ መጻፊያ ሆነ ማለት ነው።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአጼ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። መንገዱ ያን ጊዜ «አምሐራ» ይባል በነበረው አገር፣ ማለትም በዛሬው ደቡብ ወሎ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ የሐይቅን ሐይቅና ገዳሙንም ይጠቅሳል። በእሱ ግምት በንጉሡ ሰፈር ደግም ይሁን መጥፎ አምስት ስድስት ሺህ ድንኳን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች ነበሩ፣ ገበያም ነበር። ትልቁ ቀይ ድንኳን የሚተከለው ለታላላቅ በዓላትና አቀባበሎች ነበር። ሰፈሩ ወደ አዲስ ሜዳ በተዛወረ ቁጥር ማን በየት በኩል እንደሚተክል አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ሁሉም ቦታውን አይስትም።

እዚህ ላይ የድንኳን ስፋት የመኝታ ጉዳይ እንዳልሆነ ታያላችሁ። የንጉሡ ድንኳን ሰፊ የነበረው ዙፋን ችሎት፣ ግብር፣ አቀባበል የሚካሄድበት አዳራሽ ስለነበረ ነው። ከሩቅ የሚታይ መልእክትም ነበር። ተራው ወታደር ብዙውን ጊዜ ድንኳን የለውም፤ ቅርንጫፍና ሣር ቆርጦ ጎጆ ይቀልሳል። ቅርንጫፉ ከማን ጫካ፣ ሣሩ ከማን መስክ ተቆረጠ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ከባላገሩ። ድርጎውም ከባላገሩ ጎተራ ነው የሚወጣው። የታሪክና የጂኦግራፊ ምሁራን «ተንቀሳቃሽ ዋና ከተማ» የሚሉት ሥርዓት ቶሎ ቶሎ ቦታ ይለውጥ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የአካባቢው እንጨትና ስንቅ ማለቁ ነው። ብዙ ጦር የተመላለሰበት ወሎ ይህን ዕዳ ደጋግሞ ከፍሏል።

ሁለት ጦር፣ አንድ አምባ

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከገደልና ከሸለቆ ወዲያ ማዶ መቅደላ አምባ አለ። በ1860 ዓ.ም. ሁለት ጦር ከሁለት አቅጣጫ ወደዚህ አምባ ተጓዘ። የጓዝን ነገር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

አጼ ቴዎድሮስ ዓመቱ ሲገባ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘዋል። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው የተሄደው። ሠራዊቱ ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ፣ ከነድንኳኑ ይንቀሳቀሳል። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደክም አገሩን ያየ ያውቀዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ።

ከሰሜን ደግሞ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። የውጊያ ሰው ብቻ 13,000 ገደማ ነበር፤ የጭነት እንስሳው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ መጥተዋል። ይህ ሁሉ ኃይል ግን መቅደላ ፊት በሙሉ አልደረሰም። ብዙው ሰው ከኋላ መንገድና ስንቅ ሲጠብቅ ቀረ። ወደፊት የሚሄደውም ጓዝህን ቀንስ እየተባለ በየደረጃው ጓዙ ተቀነሰበት።

ለምን ቢባል፣ ስሌቱን እንሥራው። በቅሎ በተራራ መንገድ 80 ወይም 100 ኪሎ ገደማ ትሸከማለች። የሚበላ ገብስ ወይም ድርቆሽ በመንገድ ካልተገኘ የራሷንም ቀለብ መሸከም አለባት። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ለሌላ ዕቃ የሚተርፈው ያንሳል። ስለዚህ አንድ ትርፍ ድንኳን ማለት አንድ ድንኳን ብቻ አይደለም። ተሸካሚ በቅሎ፣ የበቅሎዋ ነጂ፣ የሁለቱ ቀለብ፣ ቀለቡን የሚሸከም ሌላ እንስሳ ማለት ነው። ጨርቁ ደግሞ ያን ጊዜ ጥጥ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። የበልግ ዝናብም አልቀረም፤ ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ውጊያው ሲካሄድ ከባድ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይወርድ ነበር።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር የታወቀው ድንኳን ደወል የሚመስል፣ መሐሉ ላይ አንድ ምሰሶ ያለው ክብ ድንኳን ነው። የወለሉ ስፋት ከ11 እስከ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሥራ ሁለት ወታደር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እግሩን ወደ ምሰሶው ዘርግቶ እንደ መንኮራኩር ዘንግ ይተኛበታል። ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ! ምቾት የለውም፤ ግን ለጥቂት ሌሊት ይቻላል፣ ለበቅሎዋም ይቀልላል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ አጼ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ውጤቱን የወሰነው ድንኳን ነው አንልም። የመሣሪያው ልዩነት ነበረ፣ የአገር ውስጥ ጠላትነት ነበረ፣ ሌላም ብዙ። ነገር ግን ከባዱን ጓዝ ገደል ለገደል ይዞ መጓዝ ምን ያህል ጊዜና ጉልበት እንደሚበላ ሁለቱም ሠራዊቶች ያሳዩናል።

ሳይንሱ ምን ይላል?

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። አንድን ድንኳን ርዝመቱንም፣ ወርዱንም፣ ከፍታውንም በእጥፍ ብናሳድገው ወለሉ አራት እጥፍ፣ ጨርቁም አራት እጥፍ ይሆናል። በውስጡ ያለው አየር ግን ስምንት እጥፍ ይደርሳል።

የተኛ ሰው 80 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ የድሮ አምፖል ያህል መሆኑ ነው። አራት ሰው አራት አምፖል ነው። አራቱ በ«ለ4 ሰው» ድንኳን ቢያድሩ ያቺ ሙቀት ትንሹን አየር ትንሽ ታለዝበዋለች። በ«ለ8 ሰው» ድንኳን ቢያድሩ ያው ሙቀት ብዙ አየርና ሰፊ ጨርቅ ላይ ይበተናል። እንግዲህ ችግሩ ትልቅነቱ ብቻ ሳይሆን ባዶነቱ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሞላበት የደወል ድንኳን ሊሞቅ ይችላል፤ አራት ሰው የተኛበት ስምንተኛ ድንኳን ግን ይበርዳል።

ይህ ኮምቦልቻ ላይ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። መካነ ሰላም ግን 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የፓርኩ ከፍተኛ ቦታዎች ከ3,500 ሜትር ያልፋሉ። አንድ ሺህ ሜትር ስትወጡ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጅብራና አስታ ባለበት ቦታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢያገኛችሁ አይግረማችሁ። ነፋሱም አለ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድንኳኑን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ረጅምና ሰፊ ድንኳን ሸንተረር ላይ መትከል ሸራ ዘርግቶ መርከብ እንደመጠበቅ ነው።

ታዲያ በጣም ትንሹን እንውሰድ? እሱም ልክ አለው። «ለ4 ሰው» የሚለው ጽሑፍ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ተሰጥቶት ማለት ነው። ቦርሳ፣ ጫማ፣ ስንቅ አልተቆጠረም። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትርና ከዚያ በላይ እርጥበት ያወጣል። ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጠል ይሆንና ብርድ ልብሳችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ መተንፈሻውን በብርድ ሰበብ አትዝጉት። ድንኳን ነፋስና ዝናብ ይከላከላል እንጂ እንደ ጋቢ አያሞቅም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የመኝታ ከረጢቱና ከሥር የሚነጠፈው ነገር ናቸው።

ለእናንተ ለአራታችሁ እንግዲህ ሁለት «ለ3 ሰው» ድንኳኖች፣ በየአንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው ከነቦርሳው፣ ከአንድ ስምንተኛ ድንኳን ይሻላሉ። ሸክሙ ይከፈላል፤ ሸንተረር ላይም ሁለት ትንንሽ ለጥ ያለ ቦታ ከአንድ ሰፊ ሜዳ ይልቅ ቶሎ ይገኛል።

ሌሊቱ ሲረዝም

እስካሁን ያወራነው ለሁለት ሌሊት ስለሚተከል ድንኳን ነው። ለስድስት ወር፣ ለዓመት ሲሆንስ?

ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ አካባቢ እንደ ጃሪ ባሉ መጠለያዎች ተፈናቃዮች ረጅም ጊዜ በድንኳንና በሸራ ሥር ኖረዋል። በዚህ ጊዜ ድንኳኑ መኝታ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ማድ ቤትም፣ ጓዳም፣ ልጅ የሚያጠናበትም ቦታ እሱው ነው። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ይላል። ብርድ ባለበትና ምግቡም በቤት ውስጥ በሚበስልበት ቦታ ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ያደርሰዋል። ከደወሉ ድንኳን ወታደር ጋር አነጻጽሩት፤ አራትና አምስት እጥፍ ነው።

ልዩነቱ ከጊዜ የመጣ ነው። ወታደሩ ነገ ይነቀላል፤ ለእሱ ከባዱ ነገር ሸክሙ ነው። እናቲቱ ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ናት፤ ለእሷ ከባዱ ነገር ጥበቱ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ሰውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ጭሱም፣ ሳሉም፣ ተላላፊ በሽታውም አብሮ ይገባል። ለአምስት ሰው የተሰላ ድንኳን ውስጥ ስምንት ሰው ሲያድር «ይሞቃቸዋል» ብሎ ማለፍ ለአንድ ሌሊት የሚሠራን ስሌት ለዓመት ማዋል ነው።

ስለዚህ ወደ ሻጩ ስትመለሱ «ስንት ሰው ይይዛል?» ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ስንት ሌሊት ነው? የት ከፍታ ላይ? ማን ነው የሚሸከመው? መካነ ሰላም ላይ በቅሎ ከተከራያችሁ ደግሞ ጭነቱን ከመጫናችሁ በፊት ነጂውን አማክሩት። ዳገቱንም የበቅሎዋንም አቅም ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።