ሪኬትስ፦ በሚድሁ ሕፃናት ላይ የሚታይ የክንድ አጥንት መጣመም

ሪኬትስ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ካልሲየምና ፎስፈረስ በበቂ መጠን ሳያገኝ ሲቀር የሚለሰልስበት የሕፃናት በሽታ ነው። በአገራችን ዋናው መንስኤ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው።

ብዙ ወላጆች ሪኬትስን የሚያውቁት በተቀሰተ እግር ነው። ነገር ግን የለሰለሰ አጥንት የሚጎብጠው ክብደት በሚያርፍበት በኩል ስለሆነ፣ ገና ያልቆመና በእጁ የሚድህ ልጅ ክንዱ ቀድሞ ሊጣመም ይችላል። የእጅ አንጓው ይሰፋል፤ ቤተሰብ ግን “ወፍሮ ነው” ብሎ ያልፈዋል። የእርግብግቢት ቶሎ አለመግጠም፣ የጥርስ መዘግየትና በጊዜው አለመቀመጥም አብረው ይታያሉ።

ቡችሎችም ይህ በሽታ ይይዛቸዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜላንቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ቤት ውስጥ ያሳደጋቸውና በአብዛኛው እህል የመገባቸው ቡችሎች ሪኬትስ ሲይዛቸው፣ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ያገኙት ግን እንደተረፉ አሳየ። ዘይቱ ውስጥ የነበረው ነገር ኋላ ቫይታሚን ዲ ተባለ። ቆዳችንም ይህንኑ ቫይታሚን ከፀሐይ ይሠራል።

ፀሐይ በሞላበት አገር ለምን?

ከላሊበላ በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አስፈላጊው ጨረር ከቆላው ይበረታል። ችግሩ ብርዱ ነው። የላስታ ደጋ ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ ይውላል፤ ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ክርስትና ድረስ ከቤት አይወጡም፤ ከዚያም የምችና የቡዳ ፍርሃት አለ። የእናት ጡት ወተት የሚተካ ምግብ የለውም፣ ቫይታሚን ዲው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጡት ማጥባቱን ሳያቋርጡ ፀሐይ ያሙቁት።

ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ በማይመታው ግድግዳ ጥግ፣ ልብሱን አውልቀው ዓይኑን ከልለው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ብርዱ ከጠና ከእጅና ከእግሩ ይጀምሩ። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ቅቤውን ከፀሐይ በኋላ ይቀቡት።

ወጌሻ ጋር መውሰድ

አይውሰዱት። አጥንቱ አልወለቀም፤ ለስላሳ አጥንት ሲጎትቱት ይሰበራል፣ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃም የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል። ጤና ተቋም በራጅና በደም ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የተለመደው ሕክምና በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ቢያንስ ለ90 ቀናት፣ ከካልሲየም ጋር ነው። የጠብታዎች ጥንካሬ ስለሚለያይ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን፤ “ቶሎ ይዳን” ብሎ ማብዛት ኩላሊትን ይጎዳል። አብዛኛው ጉብጠት ልጁ ሲያድግ ቀስ በቀስ ይቃናል። የተጣመመው አንድ ክንድ ብቻ ከሆነ ግን ሪኬትስ ላይሆን ይችላል፦ የአጥንቱ የማደጊያ ጫፍ በመውደቅ ወይም በኢንፌክሽን ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ።

ሪኬትስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ሳንባ ይዳከማል። በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500ዎቹ ግን 20ዎቹ ብቻ።

ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ክንዱን ሲነኩት የሚጮህና የማያንቀሳቅሰው ከሆነ ቀን አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት።