ጸጉር ሠሪዋ ቀለበቷን የት ታድርገው?

እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ጸጉር ቤት አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ቁጭ ብለው አንድ የጤና ስምምነት ተፈራረሙ። ጸጉር ሠሪዎች በሥራ ሰዓት የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፣ እጃቸው ላይም ጌጥ አያድርጉ የሚል ነገር ነበረበት። የእንግሊዝ ጋዜጦች መሳለቂያ አገኙ፤ ብራስልስ ታኮ ጫማና ቀለበት ልትከለክል ነው ተባለ። በ2013 የአውሮፓ ኮሚሽን ስምምነቱን ወደ ሕግነት እንደማይገፋው አስታወቀ።

ስለ ታኮው እንሳቅ ከተባለ እንስቃለን። የቀለበቱ ታሪክ ግን ከብራስልስ ይቀድማል፤ ብዙም አያስቅም።

የታሪኩ ባለቤት ኒኬል ነው። ስዊድናዊው አክሴል ክሮንስቴት ይህን ብረት ለይቶ ያወጣው በ1751 ነው። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ርካሽ ዕቃን ብር ማስመሰያ ሆነ። ‹የጀርመን ብር› የሚባለው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር ከስሙ በቀር የለበትም! ወዲያው በኒኬል የሚለብጡ ሠራተኞች እጃቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ከዚያ ችግሩ ከፋብሪካ ወጥቶ ፋሽንን ተከተለ። ስቶኪንግ በማያያዣ ሲታሰር ሽፍታው ጭን ላይ ወጣ፤ ጂንስ ሲመጣ ከቁልፉ ሥር፣ እምብርት አጠገብ፤ ጆሮ መበሳት ሲስፋፋ ደግሞ ጆሮ ላይ። ዴንማርክ በ1990 አካባቢ በሕግ ገደበችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1994 መመሪያ አወጣ። መመሪያው ቆዳን የሚነካ ጌጥ በሳምንት ከ0.5 ማይክሮግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይላል። ልብ በሉ፣ የሚለካው በጌጡ ውስጥ ያለው ሳይሆን ወደ ቆዳ የሚወጣው ነው።

ጸጉር ሠሪ እዚህ ውስጥ ምን አገባት? እጇ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። ሻምፑው የቆዳዋን ቅባት ያጥባል፤ ቀለበቱ ሥር ደግሞ እርጥበቱና ሳሙናው ታፍነው ይቀራሉ። ችፌ ብዙ ጊዜ ከዚያች ቀጭን መስመር ይጀምራል። ጸጉር ለመጠቅለል የሚቀባው የፐርም ፈሳሽ ላይ ያለው ታዮግላይኮሌት ደግሞ ኒኬልን ከብረት ጎትቶ ያወጣል። አለርጂው አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፤ በእጅ ችፌ ምክንያት ሙያውን የተዉ ብዙ ናቸው። እጅ ለጸጉር ሠሪ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

የአያቶቻችን ጌጥ ሌላ ነበር። አንጥረኛው የሚያቀልጠው 1780 የሚል የተቀረጸበትን የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ 28 ግራም፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ሹሩባ ሠሪዋም እጇ የሚነካው ቅቤ እንጂ ሻምፑ አልነበረም። ዛሬ የበዓል ዋዜማ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ጭንቅላት የምታጥበው ልጅ ጣት ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ወርቅ ቅብ ነው፤ ቅቡ ሲላጥ ከሥሩ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ምን ታድርግ ታዲያ? ለእኛ ጥሩው ምርጫ ጣትና አንጓን ባዶ ማድረግ ነው፤ ሰዓትም ጭምር። የጀርመን የሙያው ደንብም በእጅና በክንድ ላይ ጌጥ አይፈቅድም። ጆሮ ላይ ትንሽ፣ የማይንጠለጠል ጉትቻ ይበቃል፤ ቲታኒየም ከተገኘ እሰየው። ነጭ ወርቅ ውስጥ ኒኬል ሊኖር ስለሚችል ስትገዛ ትጠይቅ።

የጋብቻ ቀለበት ነገር ከባድ ነው። ያገባች ሴት ጣቷ ባዶ ከታየ ካስክ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ ዝም አትልም። ቀለበቱ በክር አንገት ላይ፣ ከልብስ ሥር ቢውል ለሐሜቱም መልስ አለው። ከጣት አይወጣም የምትል ካለች ቢያንስ ፈርጥ የሌለው፣ ለስላሳ ይሁን፤ ፈርጡ የደንበኛ ጸጉር ይጎትታል፣ ጓንትም ይቀዳል። ጓንቱ ባይቀደድ እንኳ ላቡን ከነቀለበቱ አፍኖ ያስቀምጠዋል።